ከፈረስ ጉልበት በፊት ክብደት፦ በደጋ ከተማ ቀልጣፋ ትንሽ መኪና ስለ መምረጥ

ትንሽና ቀልጣፋ መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው ዘወትር በሁለት ምክር መካከል ይቆማል። አንዱ ወዳጁ «ዕድሜህ ሳያልፍ፣ ስትረግጠው የሚወነጨፈውን ግዛ» ይለዋል። ሌላው «መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኝ፣ ነዳጅ የማያበዛ፣ በቸገረህ ማግስት የሚሸጥልህ ይሁን» ይለዋል። ሁለቱም መካሪዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ፍጥነትና ጥቅም፣ ደስታና ቁጠባ በአንድ ሚዛን ሁለት ሳሕኖች ላይ የተቀመጡ ናቸው፣ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ማለቱ አይቀርም ብለው ያምናሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንኑ የጋራ እምነት ነው። በጸሐፊው አስተያየት ተቃርኖውን የሚፈጥረው የያዝነው መለኪያ ነው። የፈረስ ጉልበትን ካስቀደምን ፍጥነት በእርግጥ ውድና አስቸጋሪ ነገር ይሆናል። ክብደትን ካስቀደምን ግን ቅልጥፍናውም፣ የነዳጅ ቁጠባውም፣ የጎማውና የፍሬኑ ዕድሜም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ።

ጉዳዩ የመዝናኛ ወሬ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ጥቂት ዓመታት የሠራ የከተማ ሰው፣ ቤት ለመሥራት ካልታደለ በቀር፣ ከሚፈጽማቸው ግዢዎች ሁሉ ትልቁ መኪና ነው። ዕቁብ ይጥልለታል፣ ከዘመድ ይበደርለታል፣ የዓመታት ቁጠባውን ያፈስለታል። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የተሳሳተ ምርጫ የሚያስከፍለው ዋጋ ከቀድሞው ከብዷል። ዛሬ በቤንዚን የሚሠራ መኪና የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው ቀድሞ ከገባው መካከል ነው፤ አዲስ መኪና የሚፈልግ ደግሞ ዐይኑን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞሩ ግድ ሆኗል። በሁለቱም በኩል የሻጩ አንደበት የሚቀድመው በጉልበት ቁጥር ነው።

«ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» የሚለው ጥያቄ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። አንድን ነገር ለማፍጠን የሚያስፈልገው ግፊት ከመጠነ ቁሱ ጋር እኩል እንደሚያድግ ከኒውተን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 139 ኪሎ ጁል ያህል ኃይል ይፈልጋል፤ 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ግን 194 ያህል። ከቦሌ እስከ ፒያሳ በሚደረግ ጉዞ መብራቱና መጨናነቁ መኪናን ስንት ጊዜ እንደሚያስቆመው የከተማችን ነዋሪ ያውቀዋል። ያቺ የ55 ኪሎ ጁል ልዩነት በየመነሻው ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ትወጣለች፤ በየመቆሚያው ደግሞ በፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆና ትባክናለች። መታጠፊያ ላይም ሕጉ ያው ነው፤ ከባዱን መኪና ወደ ጎን የሚመልሰው ጎማው ብቻ ስለሆነ ጎማው ቶሎ ያልቃል።

የቀልጣፋ ትናንሽ መኪናዎች ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ቮልስዋገን የመጀመሪያውን ጎልፍ ጂቲአይ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ሲያቀርብ ሞተሩ ባለ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቱ 110፣ ክብደቱ 810 ኪሎ ግራም ነበር። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ዘጠኝ ሰከንድ ያህል ይበቃው ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ ያቀደው 5,000 ብቻ ለመሥራት ሲሆን፣ የዚያ ትውልድ ጂቲአይ በመጨረሻ ከ460,000 በላይ ተሸጠ። የገዢዎቹ ምስጢር ቀላል ነበር፤ መኪናው በሥራ ቀን ቤተሰብ ያመላልሳል፣ የኋላ በሩ ተከፍቶ የገበያ ዕቃ ይውጣል፣ እሑድ ደግሞ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከእሱ በብዙ የሚወደዱትን ያስከነዳል። ስምንተኛው ትውልድ ጂቲአይ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ 245 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ክብደቱ ግን ከ1,400 ኪሎ ግራም በላይ ደርሷል። ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ አድጎ ሳለ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሚደርሰው ድርሻ የጨመረው አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ጉልበት ራሱን መኪናውን በመሸከም ያልቃል። ከተጨመረው ክብደት ውስጥ የአየር ከረጢቱና የአካሉ ጥንካሬ ነፍስ አድን እንደሆነ መካድ አይገባም፤ ከፊሉ ግን ምቾትና ጌጥ ነው።

ከዚያም የሚቀድም ምሳሌ አለ። አሌክ ኢሲጎኒስ ሚኒን የነደፈው፣ በስዊዝ ቦይ ቀውስ ምክንያት እንግሊዝ አገር የነዳጅ እጥረት በገባበት ጊዜ፣ አራት ሰው የሚይዝና ነዳጅ የሚቆጥብ ትንሽ መኪና ይፈለግ ስለነበር ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1959 ወጣ። ሚኒ ኩፐር ኤስ የተባለው ዝርያው ደግሞ የሞንቴ ካርሎን የመኪና ውድድር በ1964፣ በ1965 እና በ1967 አሸነፈ። ለቁጠባ የተወለደ መኪና እጅግ ትልልቅ ሞተር ከያዙ ተፎካካሪዎቹ ቀድሞ የገባው ቁጠባው ራሱ ቀላል ስላደረገው ነው። «ኢኮኖሚክና ፈጣን አብረው አይሄዱም» የሚለው አባባል ከስድሳ ዓመት በፊት በበረዶማ የአልፕስ ተራሮች ላይ ፈርሷል ማለት ይቻላል።

ስለ ቀላልነት ሲነሣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን መዝለል አይቻልም። አንድ ቶን የማይሞላው ይህ መኪና የተሠራው ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ በሚሰማው ስሜት አምሳል ነው ይላሉ ጃፓኖቹ። ንጉሡን በፈረሱ ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ብሎ ለጠራ ሕዝብ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም። ሆኖም ይህን መኪና ለአንባቢዬ አልመክርም። መቀመጫው ሁለት ብቻ፣ የአሁኑ ትውልድ የዕቃ ቦታው 130 ሊትር ብቻ ነው። እናቱን ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ለበዓል በግ ይዞ መመለስ፣ ሠርግ ላይ ሦስት ሚዜ መጫን ያለበት ሰው ብቸኛ መኪናው ሊያደርገው አይችልም።

እስካሁን የተባለው ለየትኛውም አገር ገዢ ይሠራል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ የሚኖር ሰው ግን በውጭ መጽሔቶች ግምገማ ውስጥ የማያገኘው ሌላ ሒሳብ አለበት፤ እሱም አየር ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሞተር ቤንዚንን የሚያቃጥለው ከሚስበው አየር ጋር መጥኖ ስለሆነ፣ ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር በካታሎጉ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ከተጻፈለት አዲስ አበባ ላይ የሚሰጠው 80 ያህል ነው። አዳማ ሲወርድ 85 ገደማ ይሆናል፤ እንጦጦ ጫፍ ሲደርስ ወደ 75 ይጠጋል። ስለዚህ ገዢው ለ100 ከፍሎ በ80 ይነዳል። ክብደቱ ግን በከፍታ አይቀንስለትም፤ 1,400 ኪሎ ግራም ካዛንቺስም ጅቡቲም 1,400 ኪሎ ግራም ነው። በደጋ አገር ከባድ መኪና በሁለት በኩል ይጎዳል የምለው ለዚህ ነው።

በአንድ ስም በተከታታይ የወጡ ሁለት መኪናዎች ነገሩን ግልጽ ያደርጉታል። ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት ሁለተኛው ትውልዱ ተርቦ የሌለው ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ 136 የፈረስ ጉልበትና 1,045 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ሞተሩ ወደ 1.4 ሊትር ወርዶ ተርቦ ተጨመረበት፤ ጉልበቱ 140፣ ክብደቱ 975 ኪሎ ግራም ገደማ ሆነ። በቶኪዮ ጎዳና ላይ ሁለቱ የአራት የፈረስ ጉልበት ልዩነት ያላቸው ወንድማማች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ የቀድሞው ወደ 108 ይወርዳል። ተርቦ ያለው ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞ ይቀራል። እርግጥ ነው፣ ተርቦው ያንን ለማድረግ ከቆላው ይልቅ በፍጥነት መሽከርከርና መሞቅ አለበት፤ ከቆመበት ሲነሣም ለቅጽበት ይዘገያል። ዘይቱ በወቅቱ ካልተቀየረ ደግሞ የሚያመጣው ወጪ ከነዳጅ ቁጠባው ይበልጣል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው፣ የቀድሞው ባለቤት ዘይት እንዴት ይቀይር እንደነበር ካላወቀ፣ ተርቦ ያለውን ባይነካው እመርጣለሁ።

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም። ስለዚህ በባሕር ዳርቻም በእንጦጦም ጉልበቱ ያው ነው። በመንገዶቻችን ላይ እጅግ የተለመደው ቶዮታ ቪትዝ የመጀመሪያ ትውልዱ ባለ 1.0 ሊትር ሞተር በጃፓን መግለጫ 70 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ እዚህ 55 ያህል ብቻ ይቀርለታል። ትንሹ የቻይና መኪና ቢዋይዲ ሲጋል ሞተሩ 55 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 75 የፈረስ ጉልበት ነው፤ አዲስ አበባም ያው 75 ነው። ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለመድረስ አምስት ሰከንድ አይሞላበትም። የከተማ ቅልጥፍና የሚፈለገውም በዚሁ የፍጥነት ክልል ውስጥ ነው። የሳሳው አየር የሚገታው ግፊት ስለሚያንስ በረጅም መንገድም በጥቂቱ ይጠቅመዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ የቁልቁለቱን ጉልበት ለባትሪው ይመልሳል፤ ባትሪው ሞልቶ ቁልቁለቱን የጀመረ ሰው ግን የሚመለስበት ቦታ እንደማይኖረው ልብ ይበል።

ነገር ግን ኤሌክትሪክ ክብደትን በሌላ በር ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥርጭት የጀመረው የኤሌክትሪክ ሚኒ 32.6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ትንሽ ባትሪ ይዞ 1,365 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ ይህም አውቶማቲክ ካምቢዮ ካለው የቤንዚን ወንድሙ በ145 ኪሎ ግራም ይበልጣል። 435 የፈረስ ጉልበት ያለው ኤምጂ 4 ኤክስፓወር በ3.8 ሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱ ግን 1,800 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በቀጥታ መንገድ ላይ ያስደንቃል። በከተማችን የሚያስደንቅበት ቀጥታ መንገድ የት እንዳለ ግን አላውቅም። የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሕጉ በሚፈቅደው በሰዓት 120 የሄደና በ100 የሄደ ሰው የሚለያዩት በስምንት ደቂቃ ተኩል ነው። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ መኪናዎች መካከል ትንሹን ባትሪ የያዘውን፣ ዕለታዊ ጉዞን ከሸፈነ፣ መምረጥ የተሻለ ነው እላለሁ። አንድ ሰው በከተማ ውስጥ በቀን አርባ ኪሎ ሜትር ለመሄድ የአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ባትሪ መሸከሙ፣ ለአንድ እንጀራ ሙሉ መሶብ ይዞ እንደ መዞር ነው።

መንገዱ ራሱም ዳኛ ነው። ቀልጣፋ የተባሉ መኪናዎች ዝቅ ብለው፣ ጎማቸውም በሰፊ ቸርኬ ላይ ሳስቶ ይሠራሉ። ሦስተኛው ትውልድ ስዊፍት ስፖርት በጃፓን መግለጫ ከመሬት ያለው ክፍተት 120 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎማው 195/45 ባለ 17 ኢንች ስለሆነ በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል ያለው የጎማ ግድግዳ 88 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 165/70 ባለ 14 ኢንች ጎማ ግን የ115 ሚሊ ሜትር ግድግዳ አለው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ክረምት ላይ ውኃ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን አንዱ ጎማ ይተጣጠፋል፣ ሌላው ቸርኬውን ያጎብጣል። በየሰፈሩ ያለ ደረጃ የሚሠሩት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎችም ዝቅተኛውን መኪና ሆዱን ይፍቁታል። በዚህ ምክንያት፣ ቀልጣፋውን መኪና ከገዙ በኋላ የመጀመሪያው ጥሩ ሥራ ትልቁን ቸርኬ አውልቆ ትንሹን ማሠር ነው ብዬ አምናለሁ። መልኩ ጥቂት ይደበዝዛል፤ የጎሚስታው ደንበኝነት ይቀራል። ትንሹ ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ቀላል ስለሆነም መኪናው የሚያጣው ቅልጥፍና ከሚታሰበው ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዲኤክስ ጥቂት ልበል፤ ይገባዋልና። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠራው ይህ የኋላ ጎማ ነጂ ኮሮላ አዲስ አበባ ውስጥ ለወጣቶች ከመኪናም በላይ የሆነ ነገር ነው። ቀለሙ ይቀየራል፣ ቸርኬው ይለወጣል፣ ጭስ ማውጫው ያጓራል። አዋቂዎች እንደ ልጅነት ጨዋታ ያዩታል። ጸሐፊው ግን የወጣቶቹ ምርጫ ውስጥ ትክክለኛ ማስተዋል እንዳለ ያምናል፤ አንድ ቶን የማይሞላ፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር፣ መሪው መንገዱን ለእጅ የሚነግር፣ ማንኛውም መካኒክ በትንሽ መሣሪያ የሚፈታው መኪና ነው። በእንግሊዝና በጃፓን ያሉ የመኪና አፍቃሪዎች ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚፈልጉትን ስሜት የእኛ ልጆች በአያቶቻቸው ዘመን መኪና ውስጥ አግኝተውታል። ችግሩ ሌላ ነው። የአየር ከረጢት የለውም፤ ፍሬኑም ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ ሥርዓት የለውም፤ አካሉም በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን እንዲጠብቅ ተደርጎ እንደ ዛሬዎቹ አልተነደፈም። ጭስ ማውጫው ላይ የሚወጣው ገንዘብ ፍሬኑና አሞርዛተሩ ላይ ቢወጣ ኖሮ ዲኤክስ ሌላ መኪና በሆነ ነበር።

ይህ ወደ ዋናው ተቃውሞ ያደርሰናል። «ቀላል መኪና አደጋ ላይ ይጥላል» የሚሉ ሰዎች ፊዚክሱን ይዘዋል፤ ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ይበልጥ የሚጎዳው የቀላሉ ተሳፋሪ ነው። ነገር ግን በመንገዶቻችን ላይ የሚያስፈራው ተጋጪ ብዙ ጊዜ ሲኖትራክ ወይም የጫነ አይሱዙ ነው። ብዙ አሥር ቶን ከሚመዝን የጭነት መኪና ፊት 1,000 እና 1,800 ኪሎ ግራም ያን ያህል አይለያዩም። ከዚያ ይልቅ የሚለየው አስቀድሞ መቆም መቻልና ከተጋጩ በኋላ አካሉ የሚሰጠው ጥበቃ ነው። እግረኛውም አለ፤ ቀላል መኪና ለሌላው ሰው የሚያስከትለው ጉዳት ያነሰ መሆኑ በግዢ ጊዜ የማይነሣ ጉዳይ ነው። በዚህ ረገድ ከቀላልነት ጋር ሊደራደሩበት የማይገባ ነገር ቢኖር የአየር ከረጢቱና የፍሬን ሥርዓቱ ነው። ያ የሚጨምረው ኪሎ ግራም የተባረከ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ቀላል መኪና ጭነት ይሰማዋል። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አራት ሰዎች 280 ኪሎ ግራም ይሆናሉ፤ ይህ ለ970 ኪሎ ግራሙ መኪና ሃያ ዘጠኝ በመቶ፣ ለ1,800 ኪሎ ግራሙ ግን አሥራ ስድስት በመቶ ጭማሪ ነው። ብቻውን ሲነዳ እንደ ሚዳቋ የሚፈናጠረው ትንሽ መኪና ቤተሰብ ሲሞላበት ዳገት ላይ ማርሽ ይለምናል። ሁልጊዜ አራትና አምስት ሆኖ የሚጓዝ ሰው የዚህን ጽሑፍ ምክር በከፊል ብቻ ቢወስድ ተገቢ ነው።

የወጪውን ነገር ሲያስቡ የግዢውን ዋጋ ብቻ ማየት የተለመደ ነው። በእኛ ገበያ ግን መኪና እንደ ንብረት ማቆያም ይታያል። ቪትዝና ኮሮላ የሚወደዱት በማግስቱ ስለሚሸጡ ነው። ብርቅ የሆነ የስፖርት ዝርያ በደላላው አፍ ሲገዙት «ልዩ»፣ ሲሸጡት «መለዋወጫ የሌለው» ይባላል። ይህ ልዩነት ራሱ ወጪ ነው። የተሻለው መንገድ ብዙኃኑ ከሚነዱት ትንሽ መኪና ጋር መሠረቱን የሚጋራውን መፈለግ ነው። ለምሳሌ ባለ 1.5 ሊትሩ ቪትዝ አርኤስ ከተራው ቪትዝ ጋር ብዙ ነገር ይጋራል፤ ባለሙያውም መለዋወጫውም አይታጣም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂአር ያሪስ፣ 261 የፈረስ ጉልበትና 1,280 ኪሎ ግራም ያለው ድንቅ መኪና፣ ስሙ ያሪስ ይሁን እንጂ ሞተሩም አካሉም አብዛኛው የራሱ ብቻ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ገበያ አይሆንም።

የግል ምርጫ ብቻውን አይበቃም፤ ምን ዓይነት መኪና ገበያ ላይ እንደሚገኝ የሚወስነው በአብዛኛው የግብር ሕግ ነው። ጃፓን ከ660 ሲሲ ለማይበልጡና ስፋታቸው ለተወሰነ ትናንሽ መኪናዎች ልዩ ደረጃ አላት፤ ሌሎቹ ላይ ደግሞ በየግማሽ ቶኑ የሚያድግ የክብደት ግብር ትጥላለች። ከዚህ ሥርዓት እንደ ሱዙኪ አልቶ ዎርክስ ያለ 64 የፈረስ ጉልበትና 670 ኪሎ ግራም ያለው፣ ርካሽና አስደሳች መኪና ተወለደ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ1,800 ኪሎ ግራም በላይ በሚመዝኑ አዳዲስ መኪናዎች ላይ የክብደት ቅጣት ጀምራ በ2024 ጣራውን ወደ 1,600 አወረደችው። የእኛ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የመረጠው መለኪያ የሞተር መጠንና የመኪናው ዕድሜ ነው፤ ድንበሮቹም 1,300 እና 1,800 ሲሲ ናቸው። ዓላማው ነዳጅ የማያበዛ መኪና እንዲገባ ማድረግ ከነበረ መለኪያው ዘወትር አያገለግለውም። ከላይ የተጠቀሰው ስዊፍት ስፖርት ሞተሩ 1,373 ሲሲ ስለሆነ ብቻ ወደ ከባዱ ምጣኔ ይገባል፤ ከእሱ በብዙ መቶ ኪሎ ግራም የሚከብድ፣ ሞተሩ ግን 1,300 ያልሞላ መኪና ቀላሉን ይከፍላል።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ ደግሞ ሲሲ የሚባለው መለኪያ ጨርሶ ጠፋ። በ2014 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ውሳኔ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎች ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነው፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ተደረገ። ማበረታቻው በጊዜው ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ 1,160 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ትንሽ መኪናና ሁለት ቶን ያለፈው ባለ ሰፊ አካል መኪና በአንድ ምጣኔ መታየታቸው ገዢውን ወደ ትልቁ ይገፋዋል። ትልቁ ብዙ ኃይል ይጠጣል፣ አስፋልት ይጎዳል፣ ማቆሚያ ያጣብባል። ማበረታቻው ወደፊት ሲሻሻል ሚዛኑ በኪሎ ግራም እንዲሆን ለሕግ አውጪዎች ማሳሰብ እወዳለሁ። መለኪያው ለማጭበርበር አይመችም፤ የመኪናውን ክብደት ማንኛውም የጭነት ሚዛን ይናገራል።

ምርጫዬን ለመናገር ያህል፣ አንድ መኪና ብቻ መያዝ ለሚችልና ብዙውን ጊዜ ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ለሚጓዝ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁለት መንገድ አየዋለሁ። ቤቱ ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ያለው ሰው ከትናንሾቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ትንሹን ባትሪ የያዘውን ይግዛ። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖርና መኪናውን ግቢ ውስጥ ባገኘበት ለሚያቆም ሰው ግን፣ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን፣ በእጅ ማርሽ የሚነዳ፣ የአየር ከረጢት ያለው ያገለገለ የቤንዚን መኪና ይሻለዋል፤ ከዋጋው ላይ የሚተርፈውን ለጥሩ ጎማ፣ ለፍሬንና ለአሞርዛተር ያውል። ከመግዛቱም በፊት መኪናውን በደላላው ሰፈር ሜዳ ላይ አይፈትን። ሦስት ወዳጆቹን ጭኖ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይውጣ፤ በሁለተኛ ማርሽ እየጎተተ እንደሆነ ያዳምጥ፣ የሙቀት መለኪያውን ይመልከት። ሲመለስ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው መታጠፊያ በኋላ እንደ መጀመሪያው እንደሚይዝ ያረጋግጥ። ሻጩ ይህን ከከለከለ ሌላ መኪና ይፈልግ።